ዳቦውን ያቦካች እጅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 13 መንግሥተ ሰማያትን በእርሾ መስሎ አስተማረ። ለምሳሌው የመረጠው ግብዣ የጠራውን ባለጸጋ ሳይሆን፥ በሦስት መስፈሪያ ዱቄት እርሾ የሸሸገችውን ሴት ነው። የዚህችን ሴት ድካም በእጁ ያቦካ ሰው ያውቀዋል።

ድፎ ዳቦ በቤት ሲጋገር እንመልከት። ስንዴው ይለቀማል፥ ይበጠራል፥ ይታጠባል፥ በፀሐይ ይሰጣል፤ ከዚያም ይፈጫል። ሳይነፋ ከነገለፈቱ የተፈጨ ዱቄት እንደ ነጩ ዱቄት ለሚያቦካው ቶሎ አይታዘዝም፤ ገለፈቱ ውኃውን ቀስ ብሎ ይጠጣልና ለብ ያለ ውኃ ጥቂት በጥቂት እየተጨመረ በክንድ ጕልበት ይታሻል። (ገለፈቱን ንቆ የሚጥል ሰው ከእህሉ ብርታት ብዙውን አብሮ እንደሚጥል ሐኪሞች ይነግሩናል።) ማታ የተቦካው ሊጥ በብርድ ሌሊት ይዘገያል፥ በሙቀት ይቸኩላል፤ ስለዚህ የሚጠብቀው ሰው እንቅልፍ አይጠግብም። ሲነጋ ኮባ በምጣዱ ላይ ይነጠፋል፥ ሊጡ ይገለበጥበታል፥ በኮባም ተሸፍኖ ከበታቹና ከበላዩ እሳት ይደረግለታል። ጭሱን የምትችለው ማን ናት?

በብዙ ቤት የቤት ሠራተኛይቱ ናት። ዝክሩ በደረሰ ጊዜ ካህኑ ዳቦውን ባርኮ ይቈርሳል፤ ጎረቤት ይቀምሳል፤ እመቤቲቱ ትመሰገናለች። ልጅቱ ግን ከጓዳ ናት፤ የሚደርሳት ያረረው ጠርዝ ነው፥ እርሱም ከተረፈ። ነሐሴ 13 ቀን በደብረ ታቦር በዓል ልጆች በየደጃፉ ጨፍረው ሙልሙል ይቀበላሉ፤ ሙልሙሉን የጋገረችው አንዳንድ ጊዜ የእነርሱ እኩያ ናት።

ይህን የምንናገረው ዝክርን ለመንቀፍ አይደለም፤ የተቀደሰ ልማድ ነውና። ነገር ግን በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 25 እግዚአብሔር እህል የሚያበራይ በሬ እንኳ አፉ እንዳይታሰር አዝዟል፤ ቅዱስ ጳውሎስም ይህ ትእዛዝ ለሚደክሙ ሰዎች እንደ ተጻፈ ተርጕሞታል። ለበሬው የተፈቀደው ለልጅቱ ይከለከላልን? ቍራሽ መስጠትም ደመወዝን አይተካም፤ ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 5 የተያዘ የሠራተኛ ደመወዝ ወደ እግዚአብሔር እንደሚጮኽ አስጠንቅቋል።

እንግዲህ በሚመጣው ዝክር ልጅቱ ከጓዳ ወጥታ ከቤተ ሰቡ ጋር ለጸሎት ትቁም። ካህኑም ዳቦውን ከመቍረሱ አስቀድሞ ያቦካችው ማን እንደ ሆነች ይጠይቅ፤ የመጀመሪያውም ቍራሽ ለእርስዋ ይሰጥ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።