የአውሮፕላን አምሳያና የባልደረባ ዓይን

የመንገደኛ አውሮፕላን አምሳያ ሠሪዎች አዘውትረው የሚመርጡት ልክ አንድ መቶ አርባ አራተኛ ነው። በዚህ ልክ 29 ሜትር የሚሆነው የዲሲ 3 ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 20 ሳንቲሜትር ይሆናል። ስሕተት ግን አብሮ አያንስም፤ በመጋጠሚያው ላይ የቀረች የሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ስንጥቅ በእውነተኛው አውሮፕላን ከ14 ሚሊሜትር የሚበልጥ ክፍተት ማለት ናት።

ስለዚህ ሠሪው ስንጥቁን በስቱኮ ሞልቶ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳል። የሚያብረቀርቀው ነጭ ቀለም ይሸፍንልኛል ብሎ የሚቸኩል ይሳሳታል፤ እንዲህ ያለ ቀለም ጉድለትን ያጋልጣልና።

ብዙ ሌሊት የደከመ ሰው የገዛ ሥራው ጉድለት አይታየውም። ባልደረባው አምሳያውን ወደ መብራት አዘንብሎ ጣቱን ያሳርፍበታል፤ ሠሪውም ቅር እያለው እንደገና ያለሰልሳል። ምስጋናው የሚመጣው ቀለሙ ከደረቀ በኋላ ነው።

የአምሳያ ስንጥቅ ሰው አይገድልም፤ ሲነግሩ የመስማት ልማድ ግን በእውነተኛው አውሮፕላን ሥራ ሕይወት ያድናል።