የደጋው ሰው ለምን ይሄዳል?

1ኛ አቅራቢ፦ ዛሬ ከደቡብ ጎንደር ደጋ ስለሚወጣውና ወደዚያው ስለሚገባው ሰው እንነጋገራለን። ወንድሜ፣ ወጣቱ አገሩን የሚለቀው ለምንድን ነው?

2ኛ አቅራቢ፦ እህቴ፣ መጀመሪያው መሬት ነው። በ1989 ዓ.ም. የመሬት ሽግሽግ ሲደረግ ሕፃን የነበረው ልጅ ዛሬ ጎልማሳ ነው፤ ያለው የአባቱ ጠባብ ማሳ ብቻ ነው። ጋይንትና ስማዳ ላይ አፈሩ ታጥቧል፤ ብዙ ቤተሰብ በሴፍቲኔት የምግብ ዋስትና ፕሮግራም ይደገፋል። ስለዚህ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ቆላ መውረድ ዓመታት ያስቆጠረ ልማድ ሆነ።

1ኛ አቅራቢ፦ ቆላ የወረደ ሁሉ ግን በጤና አይመለስም፤ ወባው አለ። በ1997 ዓ.ም. እዚሁ ደቡብ ጎንደር ሊቦ ከምከም ላይ የካላዛር በሽታ ወረርሽኝ ሲታወቅም፣ ተመራማሪዎች መነሻውን ከቆላ ከተመለሱ የቀን ሠራተኞች ጋር አያይዘውታል።

2ኛ አቅራቢ፦ የሚገባም አለ። የፎገራ ሩዝ የጉልበት ሠራተኛ ይስባል፤ ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ከሩቅ አካባቢ ተማሪና መምህር ያመጣል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ንፋስ መውጫ ሲደርስ ደግሞ፣ ደብረ ታቦር ቤቱን ጥሎ የሸሸውን ተቀብላለች።

1ኛ አቅራቢ፦ ታዲያ ምን ይደረግ?

2ኛ አቅራቢ፦ ሂያጁን መውቀስ ይቅር። ለደጋው መስኖና ከእርሻ ውጭ የሆነ ሥራ ይምጣለት። ቆላ ለሚወርደው ደግሞ አጎበር፣ ሲመለስም ነፃ ምርመራ ይገባዋል። የመሄድና የመቅረት ምርጫው በእጁ ይሁን፤ ችግር አይወስንለት።