የልጆች እርዳታና የመንፈሳቸው ሰላም



ዛሬ ልናገርበት ያሰብሁት ጉዳይ በየቤታችን ዘወትር የምናየው ስለሆነ፣ ቁም ነገር አለበት ብሎ የሚገምተው ሰው ጥቂት ነው። ይኸውም ከ13 እስከ 18 ዓመት ያሉ ልጆች ወላጆቻቸውን በሥራ ሲያግዙ መንፈሳቸው ይጨነቃል ወይስ ይረካል የሚለው ጥያቄ ነው።

አንዳንዱ ወላጅ፣ ልጁ ትምህርቱን ብቻ እንዲይዝ በማሰብ፣ የበላበትን ሳህን እንኳ እንዳያነሣ ይከለክለዋል። ሌላው ደግሞ ሴት ልጁን ውሃ አስቀድቶ፣ እንጀራ አስጋግሮ፣ ሕፃን አሳዝሎ ካበቃ በኋላ በእኩለ ሌሊት «አጥኚ» ይላታል። ሁለቱም ልጆቻቸውን የሚወዱ ናቸው።

በሎስ አንጀለስ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኢቫ ቴልዘርና አንድሩ ፉሊኒ፣ ትውልዳቸው ከላቲን አሜሪካ፣ ከእስያና ከአውሮፓ የሆነ ተማሪዎች ለ14 ቀን በየዕለቱ የሠሩትንና የተሰማቸውን እንዲጽፉ አድርገው፣ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2009 አሳትመዋል። ቤተሰብን መርዳት በጠቅላላው ጭንቀትን አላበዛም፤ እንዲያውም ልጁ «ጥሩ ልጅ፣ ጥሩ ወንድም ሆንሁ» ብሎ ሲያስብ ደስታው ይጨምር ነበር። ነገር ግን በዚያው ዓመት ከባልደረቦቻቸው ጋር ባወጡት ሌላ ጥናት ደም በተመረመረ ጊዜ፣ እርዳታው በሚደጋገምባቸው ልጆች ዘንድ ሰውነት ሲቆጣ የሚታዩት ምልክቶች ከፍ ብለው ተገኙ። በእርዳታቸው የልጅነት ግዴታቸውን እንደ ፈጸሙ የተሰማቸው ግን ከእነዚህ ምልክቶች አንዱ ዝቅ ያለ ሆኖ ታየ። እንግዲህ አፍ «ደኅና ነኝ» ሲል፣ ሥጋ ሌላ ሊናገር ይችላል ማለት ነው።

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» የሚል ተረት አለን። ልጅቱ የጋገረችው እንጀራ ዓይን ባያወጣ ይህን የሚተርትባት ወላጅ፣ ከድካሟ የምታገኘውን ብቸኛ ደመወዝ ይነጥቃታል። «እጅሽ ይባረክ» ማለት ምን ያስከፍላል?

የሥራውም ዓይነት ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1991 ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል ከተወሰዱት ቤተሰቦች መካከል፣ ብዙ ልጆች ዕብራይስጡን ከወላጆቻቸው ቀድመው ስለ ለመዱ በየቢሮውና በየሐኪም ቤቱ አስተርጓሚ ሆነዋል። ሳህን ማጠብ ሲያልቅ ያልቃል፤ የእናቱን ሕመም ከሐኪም አፍ ሰምቶ ለራሷ ለእናቱ የሚነግር የ14 ዓመት ልጅ ግን ያን ሸክም የት ያወርደዋል? እንዲህ ላለው ነገር ጎረቤትም ይሁን ዘመድ ትልቅ ሰው መፈለግ ይገባል እላለሁ።

ከዚህ በቀር ያለውን ሥራ ልጆች ይሥሩት፤ ነገር ግን ለሴቷ ብቻ አይተው። ሽንኩርት መክተፍ ወንዱን ልጅ አያሳንሰውም። የፈተና ሳምንት በደረሰ ጊዜም የልጅቱን የውሃ ተራ አባትየው ቢወስድ፣ ለእርሷ ያልከበደው ጀሪካን ለእርሱ ይከብደዋል ብዬ አላምንም።