ለሐጅ የሚነሣ ሰው በእጁ ሊይዘው የሚገባው
(በመስጊዳችን ግቢ ከተደረገ ንግግር)



ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



ኮሚቴው ይህ ንግግር በመታሰቢያው መጽሔት እንዲወጣ ሲጠይቀኝ በመጀመሪያ አመንትቼ ነበር። ሌሎቹ ስለ መስጊዳችን አመሠራረት፣ ስለ መድረሳውና ስለ ሟች ዑለማዎቻችን ሲጽፉ እኔ ስለ ፓስፖርትና ስለ ቪዛ ማውራቴ የሚያሳፍር መሰለኝ። ነገር ግን የሐጅ ወር በቀረበ ቁጥር ከመግሪብ ሶላት በኋላ በረንዳው ላይ ከሚጠየቁኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ወረቀት ናቸው። የጠዋፉንና የሰዕዩን ነገር ዑስታዞቻችን አሳምረው ያስተምራሉ። የወረቀቱን ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚያስተምረው ደላላ ነው።

አባቶቻችን ከወሎ፣ ከሐረርጌና ከጅማ ተነሥተው ምጽዋ ድረስ በእግርና በበቅሎ ወርደው፣ ከዚያም በመርከብ ቀይ ባሕርን ተሻግረው ሐጅ ያደርጉ እንደነበር ከአያቶቻችን ሰምተናል። በዚያ ዘመን የሚያስፈራው ውሃ ጥሙ፣ ወባውና ሽፍታው ነበር። ዛሬ መንገዱ በአውሮፕላን የጥቂት ሰዓት ጉዞ ሆኗል፤ ችግሩ ወደ በሩ ተዛውሯል። ሐጅ ግዴታ የሚሆነው መንገዱን ለቻለ ሰው መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ዑለማዎች መቻልን ሲያብራሩ ስንቅንና መጓጓዣን ብቻ ሳይሆን የመንገዱንም ሰላም ጨምረው ቆጥረዋል። እንግዲህ በዛሬ ዘመን የሐጅ ፈቃድ የዚሁ የመንገድ ሰላም አካል ነው የምል ሰው ነኝ። ይህን የምልበትን ምክንያት ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ስምና ስለ ቀን እንነጋገር። ትንሽ ይመስላል እንጂ በዚህ መስጊድ ካየኋቸው እንቅፋቶች የሚበዙት ከዚህ የተነሡ ናቸው። «ሙሐመድ» የሚለውን ስም በአማርኛ ስንጽፈው ያው ነው። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ግን አንዱ ጸሐፊ በኦ፣ ሌላው በዩ ይጽፈዋል፤ አንዱ ኤሙን አንድ ሌላው ሁለት ያደርገዋል። ፓስፖርቱ አንድ ዓይነት፣ የክትባት ካርዱ ሌላ ዓይነት፣ የአውሮፕላን ቲኬቱ ደግሞ ሦስተኛ ዓይነት ሆኖ ሲገኝ የአውሮፕላን ማረፊያው ሠራተኛ ሦስት ሰው ያያል። ስለዚህ ፓስፖርቱ እንደ መነሻ ተይዞ ሌላው ሁሉ ፊደል በፊደል ከእርሱ ይገልበጥ። የእኛ አገር ሰው የቤተሰብ ስም ስለሌለውና ሚስትም የአባቷን ስም ይዛ ስለምትኖር፣ ባልና ሚስት አብረው ሲጓዙ በወረቀት ላይ ምንም ዝምድና አይታይባቸውም። የኒካሕ ወረቀታችሁን በተረጋገጠ ትርጉም አብራችሁ ያዙ።

የልደት ቀን ደግሞ ከስሙ የባሰ ነው። ጥር 5 ቀን 1950 ዓ.ም. የተወለዱ አንድ አባት ቀኑ በትክክል ሲመለስ በአውሮፓ አቆጣጠር ጃንዋሪ 13 ቀን 1958 ይሆናል። ቸኩሎ የሚሞላ ሰው ግን 5/5/1950 ብሎ በቁጥር ይጽፈዋል፤ የውጭ አገሩም አንባቢ ሜይ 5 ቀን 1950 ብሎ ያነበዋል። እኚህ አባት በአንድ የብዕር ጭረት ሰባት ዓመት ከግማሽ በላይ አረጁ ማለት ነው። በሌላው ወረቀት ላይ ቀኑ በትክክል ተጽፎ ከሆነ ሁለቱ ይጋጫሉ። በዚህ ላይ የሳዑዲ ሰነዶች የሒጅራንም ቀን ስለሚይዙ ሦስት የዘመን አቆጣጠር አንድ ቦርሳ ውስጥ ይገናኛሉ። የቪዛችሁ የማብቂያ ቀን በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ ሳትጠይቁ ከቤት አትውጡ። ከዚህ በኋላም የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ፓስፖርቱ ራሱ ከጉዞው ቀን ጀምሮ ቢያንስ ስድስት ወር የሚያገለግል መሆን አለበት። አምስት ወር የቀረው ፓስፖርት እኛ ዘንድ ጤነኛ ፓስፖርት ነው፤ ለቪዛ ሲቀርብ ግን እንደሞተ ይቆጠራል። ለማሳደስ ወረፋ እንዳለ አስባችሁ ረመዷን ሳይገባ ተመልከቱት።

ስለ ክትባት ብዙዎች «ሥርዓቱን ለማሟላት ብቻ ነው» እያሉ ሲንቁት እሰማለሁ፤ ይህ ስሕተት ነው። በ1987 በሐጅ ላይ የማጅራት ገትር ወረርሽኝ ተነሥቶ፣ ያው የበሽታ ዘር ከተመላሾች ጋር ወደ አፍሪካ ተሻግሮ በ1988 በሱዳንና በቻድ ብዙ ሕዝብ ፈጅቷል። በ2000 እና በ2001 ደግሞ ቀድሞ በሚሰጠው ክትባት ያልተሸፈነ ሌላ ዓይነት ዘር በሐጃጆች መካከል ተነሣ። ዛሬ አራቱን የበሽታውን ዓይነቶች የሚከላከለው ክትባት የሚጠየቀው በዚህ ምክንያት ነው። አገራችንም የማጅራት ገትር ቀበቶ በሚባለው የአፍሪካ ክፍል ውስጥ ያለች ናት። ክትባቱ ከመድረሳችሁ ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብሎ መወሰድ አለበት፤ የምስክር ወረቀቱም እንደ ክትባቱ ዓይነት ለ3 ወይም ለ5 ዓመት ያገለግላል። የቢጫ ወባም ክትባት እንዲሁ 10 ቀን ይፈልጋል። ይህኛው ግን ከ2016 ወዲህ በዓለም አቀፍ የጤና ደንብ መሠረት አንድ ጊዜ ከተወሰደ ለዕድሜ ልክ ስለሚያገለግል፣ አሮጌ ቢጫ ካርድ ያላችሁ ጊዜው አልፎበታል የሚላችሁን ሰው አትመኑ። ሌሎች ክትባቶች ዓመት በዓመት ስለሚለዋወጡ በተመዘገባችሁበት ቦታ ጠይቁ።

እናቶችና እህቶች ስለ መሕረም ደጋግመው ይጠይቁኛል። ቀድሞ ከ45 ዓመት በታች የሆነች ሴት ያለ መሕረም ቪዛ አታገኝም ነበር፤ ከዚያ በላይ የሆነችው ደግሞ ከተደራጀ ቡድን ጋር የፈቃድ ደብዳቤ ይዛ ትሄድ ነበር። በዚያን ጊዜ በወረቀት ላይ ብቻ ወንድምና እህት የሆኑ ሰዎች እንደነበሩ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ወደ አላህ ቤት በሐሰት ዝምድና መግባት ምን ያህል እንደሚከብድ ለእናንተ መንገር አይኖርብኝም። በ2022 የሳዑዲ የሐጅና የዑምራ ሚኒስትር ሴቶች ከየትኛውም አገር ያለ መሕረም መምጣት እንደሚችሉ አስታውቀዋል። ስለዚህ «መሕረም እናዘጋጅልሽ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው የሚሸጠው የሌለ ዕቃ ነው። በሸሪዓ በኩል ያለውን ጥያቄ ግን ዑለማዎቻችንን ጠይቁ፤ እኔ የምናገረው ስለ በሩ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

በሠፈራችን ያሉ አንዲት እናት ነበሩ። ልጃቸው ጅዳ ይሠራል። ለእናቱ የዘመድ ጥየቃ ቪዛ አውጥቶ ወሰዳቸው፤ አሳቡም ሐጅ እንዲያደርጉለት ነበር። የሐጅ ቀናት ሲቃረቡ ይዟቸው ሲሄድ ከጅዳ ወደ መካ በሚወስደው መንገድ ላይ ካለው ኬላ ተመለሱ። ነጩን ልብሳቸውን እንደለበሱ መኪና ውስጥ ተቀምጠው አለቀሱ። አልሐምዱሊላህ፣ ከመመለስ የከፋ ነገር አልደረሰባቸውም። ከተመለሱ በኋላ እዚሁ በረንዳ ላይ፣ «የአላህ ቤት የሙስሊም ሁሉ አይደለም ወይ? ማን ነው የሚከለክለኝ?» ብለው ጠየቁኝ። ያን ቀን የረባ መልስ አልሰጠኋቸውም። ዛሬ ለእናንተ ልሞክር።

ቤቱ የሙስሊም ሁሉ ነው። ሚና ግን በተራሮች መካከል ያለች ሸለቆ ናት፤ የምትይዘው ሰው የተወሰነ ነው። በዚህም ምክንያት በ1988 የእስልምና ጉባኤ ድርጅት አባል አገሮች ለአንድ ሺህ ሙስሊም አንድ ሐጃጅ የሚል ኮታ ተስማሙ። በአገራችን የሐጅ ምዝገባ የሚካሄደው በኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት በኩል ሲሆን፣ በዚህ የተመዘገበ ሐጃጅ ድንኳን፣ አውቶቡስ፣ ሐኪምና ስሙ የሰፈረበት ካርድ አለው። ያልተመዘገበው ግን አንዱም የለውም። ይህ ምን ማለት እንደሆነ በ2024 በግልጽ ታየ። በዚያ ዓመት በመካ ሙቀቱ ከ50 ዲግሪ በላይ ደርሶ ነበር። የሳዑዲ መንግሥት 1,301 ሰዎች መሞታቸውን ሲያስታውቅ፣ ከመቶው 83 የሚሆኑት ፈቃድ ያልነበራቸው መሆናቸውን ገልጿል። እነዚህ ሰዎች ጥላና ማረፊያ ሳይኖራቸው በፀሐይ ረጅም መንገድ የተጓዙ ነበሩ። አላህ ይዘንላቸው። የሳዑዲ ታላላቅ ዑለማዎች ጉባኤም በዚያው ዓመት፣ ሐጁ ከመድረሱ በፊት፣ ያለ ፈቃድ ወደ ሐጅ መሄድ እንደማይፈቀድና የሚሄደውም ኃጢአት እንዳለበት መግለጫ አውጥቶ ነበር።

ቅጣቱንም ማወቅ ያስፈልጋል። በ2025 በወጣው ማስታወቂያ መሠረት፣ ያለ ፈቃድ ሐጅ ለማድረግ የሞከረ፣ እንዲሁም በማናቸውም ዓይነት የጉብኝት ቪዛ ከዙልቀዕዳ 1 እስከ ዙልሒጃ 14 ድረስ መካ የገባ ሰው እስከ 20,000 ሪያል ይቀጣል። የጉብኝት ቪዛውን ያወጣለት ሰው ደግሞ እስከ 100,000 ሪያል ሊቀጣ ይችላል። ቀናቸው አልፎ የተያዙ ሰዎች ተባርረው ለ10 ዓመት እንዳይመለሱ ይደረጋሉ። እስቲ አስቡት፤ ያ ጅዳ ያለው ልጅ ለእናቱ ውለታ ሲል የዓመታት ደመወዙንና እንጀራውን በአንድ ቀን ሊያጣ ነበር።

የዑምራም ቪዛ ለሐጅ አያገለግልም። በ2025 የዑምራ ተጓዦች እስከ ሸዋል 15 ድረስ ብቻ እንዲገቡ፣ በዙልቀዕዳ 1 ደግሞ ሁሉም እንዲወጡ ተደርጓል። «በዑምራ ግቡና እዚያው ቆዩ፣ የቀረውን እኔ አውቃለሁ» የሚል ደላላ ቢመጣባችሁ፣ ያ ሰው በኬላው ላይ ከእናንተ ጋር እንደማይቆም አስታውሱ።

ለእኚያ እናት ያልነገርኳቸው ሌላም ነገር አለ። በስድስተኛው ዓመተ ሒጅራ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አንድ ሺህ አራት መቶ ከሚሆኑ ባልደረቦቻቸው ጋር ኢሕራም አድርገው ለዑምራ ተነሥተው ሑደይቢያ ላይ ተከለከሉ። ከልካዮቹ ጣዖት አምላኪዎች ነበሩ፤ ሐቁም ከነቢዩ ጋር ነበር። ሆኖም ተዋውለው፣ መሥዋዕታቸውን እዚያው አርደው፣ ፀጉራቸውን ተላጭተው ተመለሱ። በሚቀጥለውም ዓመት በውሉ መሠረት መጥተው ሦስት ቀን ቆዩ። በደጁ ላይ ቆሞ መመለስ ምን ያህል እንደሚያንገበግብ ከእነዚያ ባልደረቦች በላይ የሚያውቅ የለም። እኚያ እናት አሁን በምዝገባው ተራ እየጠበቁ ነው። ስማቸውን እኔ ራሴ ሞልቻለሁ፣ ፊደሉንም ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ።

ስለ ሻንጣ ጥቂት ልጨምርና ላብቃ። ጫት በእኛ ገበያ እንደ ሽንኩርት ይሸጣል፤ በሳዑዲ ግን እንደ አደንዛዥ ዕፅ ይቆጠራል፣ ደርቆ ቢፈጭም ያው ነው። ዕፅ ማሻገር በዚያ አገር እስከ ሞት ያስቀጣል። ትራማዶልንና እሱን የመሰሉ የሕመም ማስታገሻዎች ያለ ሐኪም ማዘዣ አትያዙ። የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት ያላችሁም ማዘዣውን በእንግሊዝኛ አስጽፋችሁ፣ መድኃኒቱን ከነማሸጊያው ያዙ። ከሁሉ የሚያስፈራኝ አደራ ነው። «ይህችን ጅዳ ላለው ወንድሜ አድርሱልኝ» ሲባል እንቢ ማለት በእኛ ባህል ነውር ነው፤ ሆኖም የታሰረ ዕቃ ሳትፈቱ አትቀበሉ። በርበሬውም ቢሆን በፊታችሁ ይፈታ።

የፓስፖርታችሁን፣ የቪዛችሁንና የክትባት ካርዳችሁን ፎቶ ኮፒ ሁለት አድርጉ። አንዱን ለቤተሰባችሁ ትታችሁ፣ ሌላውን ከዋናው ለይታችሁ በሌላ ቦርሳ ያዙ። ማንበብ ለማይችሉ አባቶችና እናቶች የቡድን መሪያቸው ስልክ ቁጥር በአረብኛ ተጽፎ በአንገታቸው ይንጠልጠል። ፎርም መሙላት የሚያስቸግራችሁም ከመግሪብ በኋላ በረንዳው ላይ አለሁ፤ ፓስፖርታችሁን ብቻ ይዛችሁ ኑ።

ወስሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።