ዕድልና የእጃችን ድርሻ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት፣ በተማሪዎች ማኅበር ስም የተነበበ ንግግር)



የበዓል ንግግር አብዛኛውን ጊዜ በምስጋና ተጀምሮ በምስጋና ያልቃል። እኛ ግን የመረጥነው ርእስ ትንሽ የሚቆረቁር ስለ ሆነ፣ በትዕግሥት እንድትሰሙን አስቀድመን እንለምናለን። ርእሱም፣ ሰው የገዛ ኑሮውን ለመለወጥ ከራሱ የሚጠበቅበት ድርሻ የቱ ነው? የሚል ነው።

በሰፈራችን ከሁሉ የሚዘወተረው ቃል «ዕድል» ሳይሆን አይቀርም። መገናኛ ላይ ታክሲ ሲጠበቅ፣ በገርጂና በጉርድ ሾላ ሱቆች ደጃፍ ወሬ ሲወራ፣ እገሌ የተሳካለት ዕድል ቀንቶት ነው፤ እገሊት የወደቀችው ዕድል ፊቱን አዙሮባት ነው ይባላል። በፈተና ውጤት ሰሞንማ በየትምህርት ቤቱ ግቢ ከዚህ ሌላ የሚሰማ የለም። ዕድል የሚባል ነገር የለም ብለን ለመከራከር አልመጣንም። ከማን እንደምንወለድ፣ የት እንደምናድግ፣ ጤናችንንም ሆነ የአባታችንን ኪስ መርጠን አላገኘነውም። ክርክራችን፣ እኛው ያልሠራነውን ሥራ ጭምር በዕድል ስም ስለ ማስመዝገባችን ነው።

እስቲ በቅርብ ጊዜ የሆነውን እናንሣ። የ12ኛ ክፍል ፈተና አስቀድሞ መሰረቁ፣ መልሱም በስልክ ከእጅ ወደ እጅ መተላለፉ የተለመደ ወሬ ሆኖ ነበር። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ ግን ተማሪው ከትምህርት ቤቱ ወጥቶ በዩኒቨርሲቲ ግቢ እንዲፈተን ተደረገ። ከዚያ ዓመት ተፈታኞች መካከል ግማሽና ከግማሽ በላይ ነጥብ ያገኙት 3.3 ከመቶ ብቻ ሆኑ፤ በሚከተለው ዓመት ደግሞ 3.2 ከመቶ። በሁለቱም ዓመታት ከ1,000 የሚበልጡ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ በጥቂት በጥቂቱ ከፍ ብሎ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 ከመቶ ደርሷል።

እዚህ ላይ ፍርድ እንዳናጓድል መጠንቀቅ ይገባናል። መጽሐፍ ለሦስት ለአራት በሚካፈልበት፣ የሒሳብ መምህር በጠፋበት፣ ጦርነት በሩን በዘጋው ትምህርት ቤት የተማረውን ልጅ «ያልሠራህ አንተ ነህ» ማለት ግፍ ነው። የዚያ ልጅ ጉዳይ ለመንግሥትና ለታላላቆች መቅረብ ያለበት ጉዳይ ነው። ነገር ግን መምህሩ በሰዓቱ ለሚገባለት፣ ቤተ መጻሕፍቱ ለተከፈተለት፣ ማታ አምፖሉ ለሚበራለት የአዲስ አበባ ልጅ ይኸው ምክንያት አይሆነውም። የተሰረቀ መልስ የሚጠባበቅ ተማሪ በፈተናው ቀን ብቻ የሚጎዳ ይመስለዋል። ጉዳቱ ግን ከዚያ አስቀድሞ የተጀመረ ነው፤ በተስፋው ተዘናግቶ ሳያነብ ያሳለፋቸውን ሌሊቶች የሚመልስለት የለምና። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለዚህ ነው። (ይህን ስንል «የማኅበሩ ሰዎች ደግሞ ሰባኪ ሆኑ» የሚሉ ጓደኞች አሉን፤ ይበሉ!)

ዕድል የሚያበቃበትንና የሰው ድርሻ የሚጀምርበትን ቦታ ለይቶ ካሳየን ሰው ሁሉ የምናስቀድመው ሻምበል አበበ ቢቂላን ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ሮማ ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን ማሸነፉን፣ በ1964 ደግሞ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ጥቂት ሳምንታት በኋላ ቶኪዮ ላይ መድገሙን ሕፃን ሽማግሌው ያውቀዋል። እኛ አጥብቀን ማንሣት የምንፈልገው ግን ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። በኮተቤ አልፎ ወደ ደብረ ብርሃን በሚወስደው መንገድ፣ ሸኖ አጠገብ፣ እ.ኤ.አ. በ1969 መኪናው ተገለበጠችና እግሮቹ ከዚያ ቀን ጀምሮ አልታዘዙለትም። በዓለም ላይ ከሮጡት ሁሉ የተደነቁትን እግሮች ማጣት፣ ዕድል ከዚህ የከፋ ምን ሊያደርግ ይችላል? አበበ ለሕክምና ወደ እንግሊዝ አገር፣ ወደ ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ተወሰደ። በሚከተለው ዓመት፣ በ1970፣ በዚያው በስቶክ ማንደቪል በተደረገው የአካል ጉዳተኞች ውድድር ላይ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በቀስት ውርወራ ተወዳደረ። በ1971 ደግሞ ኖርዌይ ድረስ ሄዶ በበረዶ ላይ በሚንሸራተት ጋሪ የሚደረገውን ውድድር አሸንፎ ተመለሰ። በቀስቱ ወርቅ አላገኘም። ለእኛ ግን ከሮማው ወርቅ ይልቅ ይህ ቀስት ይበልጥ ያስተምረናል፤ እግሩ ሲከዳው በቀረለት በእጁ ሠርቷልና።

ሁለተኛው ምሳሌ በየቀኑ በራሳችን ላይ የሚያልፈው ነው፤ ድምፁ የመምህራኖቻችንን ቃል እስኪያቋርጥ ድረስ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር አብራሪዎቹም፣ መካኒኮቹም፣ ዋና ሥራ አስኪያጁም አሜሪካኖች ነበሩ። ያን ጊዜ የነበሩ ወጣቶች «ይህ የፈረንጅ ሥራ ነው፤ እኛ አልታደልንም» ብለው ቢቀመጡ ኖሮ የሚፈርድባቸው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1957 ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ ዲሲ 3 የተባለውን አይሮፕላን በአዛዥነት አብርሮ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የንግድ አይሮፕላን ካፒቴን ሆነ። በ1971 ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የድርጅቱ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ካፒቴን አምሳለ ጓሉ የአየር መንገዱ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ሆነች።

ስለ አብራሪ ሥራ ስናነብ አንድ ነገር ትኩረታችንን ስቧል። አብራሪው የበረረውን እያንዳንዱን ሰዓት የሚጽፍበት መዝገብ አለው። ዛሬ በዓለም አቀፍ ደንብ ከፍተኛውን የአየር መንገድ አብራሪነት ፈቃድ ለማግኘት ቢያንስ 1,500 ሰዓት የበረራ ልምድ ያስፈልጋል። ይህን ሰዓት ዘመድ አይሞላለትም፤ ገንዘብ ያለውም ቢሆን የሥልጠና ክፍያ ይከፍላል እንጂ ሰዓቱን ራሱ ተቀምጦ ከመብረር አያመልጥም።

ማኅበራችን ያሰበው ከዚህ የተወሰደ ነው። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ትንሽ ደብተር ይይዝና፣ ከትምህርት ቤት ከወጣ ጀምሮ እስኪተኛ ድረስ ያጠናበትን ሰዓትና የሳተውን ጥያቄ በገዛ እጁ ይጽፋል። ደብተሩን መምህር አያርመውም፤ ማርክም የለውም። ባለቤቱ ቢዋሽ የሚዋሸው ራሱን ነው።

እዚህ ላይ ግን ለወላጆቻችን አንድ ልመና አለን፤ በትሕትና ቢሆንም ሳንሸሽግ እናቀርበዋለን። በብዙ ቤት ወንድ ልጅ መጽሐፉን ሲገልጥ እኅቱ ሽንኩርት ትከትፋለች፤ እሱ ሲተኛ እሷ ዕቃ ታጥባለች። እንዲህ ያለችው እኅታችን ደብተሯ ባዶ ቢገኝ «ሰነፍ ናት» ልንል አንችልም፤ ሰዓቱ መጀመሪያውኑ በእጇ አልገባምና። ስለዚህ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ያለው ጊዜ በየቤቱ ለሴቱም ለወንዱም እኩል የጥናት ጊዜ ሆኖ እንዲከበር እንለምናለን። እናቶቻችን ሸክሙ በእነሱ ላይ እንዳይደረብ፣ የበላንበትን ሳህን እኛ ወንዶቹ ተነሥተን እናጥባለን። ይህን ቃል የማኅበሩ ወንዶች አባላት ትናንት በስብሰባ ላይ እጃችንን አውጥተን ተስማምተንበታል፤ እናቶቻችንም ምስክር ሆነው እንዲቆጣጠሩን እንፈልጋለን።

ደብተሮቹ የፊታችን ሰኞ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ በቤተ መጻሕፍቱ ይታደላሉ። መግዛት ለማይችል ጓደኛ ማኅበሩ ያዘጋጀው አለ፤ መጥቶ መውሰድ ብቻ ነው።