በተተከለ ጥርስ ዙሪያ አጥንት ስለ መመናመኑና ስለ ውሻው ምስክርነት
(ለተማሪዎች ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



የንግግሬ ርእስ በሰሌዳ ላይ በተለጠፈ ጊዜ አንድ ወዳጄ «የውሻ ጥርስ ለእኛ ምናችን ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። ጥያቄው የሚናቅ ስላልሆነ መልሱን ከውሻ ሳይሆን ከተማሪ እጀምራለሁ።

በ1965 (የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በወጣ ጥናት በዴንማርክ አገር በኦርሁስ ከተማ ሐራልድ ሎ የተባሉ ሊቅና ባልደረቦቻቸው ድዳቸው ጤነኛ የነበረ 12 ሰዎችን ጥርሳቸውን ማጽዳት አስተዋቸው። አብዛኞቹ የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች ነበሩ። ከ10 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ የሁሉም ድድ ቀላ፥ አበጠም። ማጽዳት እንደገና ሲጀምሩ ግን ሁሉም ዳኑ። በጥርስ ላይ የሚጋገረው ቆሻሻ፥ ማለት በውስጡ የሚራባው ባክቴሪያ፥ ድድን የሚያሳምም መሆኑ በሰው ላይ ታየ፤ የተጎዳም አልነበረም።

በተተከለ ጥርስ ዙሪያ ያለውን አጥንት በዚሁ መንገድ መመርመር አይቻልም። ድድ ይመለሳል፤ የተበላ አጥንት ግን በቀላሉ አይመለስም። አጥንቱ ይበላ ዘንድ ተማሪን «ጥርስህን አትፋቅ» ብሎ ማዘዝ ወንጀል ይሆናል።

የተተከለ ጥርስ የምንለው በመንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚገባ የቲታንየም ብሎን ነው። ይህም ቢሆን ከእንስሳ የተገኘ ዕውቀት ነው። ስዊድናዊው ብሮኔማርክ በ1950ዎቹ ዓመታት የደም ዝውውርን ለመመልከት በጥንቸል የእግር አጥንት ውስጥ የቲታንየም መሣሪያ አስገብተው ነበር፤ ኋላ ላውጣው ቢሉ አጥንቱ አልለቅም አለ። የተማሪዎቹ ጥናት በወጣበት በዚያው በ1965 ጎተንበርግ ላይ ለመጀመሪያው በሽተኛ ተከሉለት። ብሎኑ በአጥንት ቢያዝም ከባክቴሪያ አያመልጥም። በዙሪያው ያለው ድድ ሲታመም አጥንቱ ቀስ በቀስ ይመናመናል። ብዙ ጊዜ ሕመም ስለሌለው ባለቤቱ ሳያውቀው ዓመታት ያልፋሉ፤ መግል ሲወጣ ወይም ራጅ ሲነሣ ይገለጣል።

ውሻው የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ቢግል የተባለው ዘር ነው፤ መንጋጋው ለሰው የተሠራውን ብሎን ይችላል። እንስሳው በማደንዘዣ ተኝቶ ጥቂት ጥርሶቹ ይነቀላሉ፤ ቁስሉ ሲሽር ብሎኖች ይተከሉለታል። አጥንቱ ከያዛቸው በኋላ በብሎኑ አንገት ላይ፥ ከድዱ ሥር፥ የጥጥ ወይም የሐር ክር ይታሰራል፤ ማጽዳቱም ይቆማል። በክሩ ዙሪያ ባክቴሪያ ይከማቻል፤ በሰው ዓመታት የሚፈጀው ጥፋት በጥቂት ወራት ይፈጸማል። በመጨረሻ ውሻው ይገደልና መንጋጋው በስሱ ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ይህን ሸፋፍኜ ማለፍ አልፈልግም።

የተገኘው ዕውቀት ግን ትልቅ ነው። በ1992 የወጣው የሊንዴና የባልደረቦቻቸው ጥናት በውሾች ላይ እንዳሳየው፥ በተፈጥሮ ጥርስ ዙሪያ በሽታው ከአጥንቱ የሚለየው ጤነኛ ሥጋ አለ፤ እንደ አጥር ያግደዋል። በብሎኑ ዙሪያ ግን አጥሩ የለም፤ በሽታው አጥንቱን አልፎ እስከ መቅኔው ይደርሳል።

ተቃዋሚዎች «ክር አስራችሁ አጥንቱን ያጠፋችሁት እናንተው ናችሁ» ይላሉ። እውነት አላቸው። ክር ባዕድ ነገር ነው፤ የሰውም በሽታ በክር አይጀምርም። ስለዚህ በእኔ አስተያየት ከሁሉ የሚበልጠው ሙከራ ክሩ ከተፈታ በኋላ ያለው ነው። ክሩ ወጥቶ ራሱ በሽታው ይቀጥላልን? ጎተንበርግ ላይ ተሠርቶ በ2008 የወጣው ጥናት አዎን፥ በብዙዎቹ ይቀጥላል ብሏል፤ ፍጥነቱም እንደ ብሎኑ ገጽ ይለያያል። አጥንት ቶሎ እንዲይዘው ተብሎ ገጹ የሻከረው ብሎን በሽታ ከገባበት በኋላ ከለስላሳው የባሰ ሊሆን እንደሚችል የተማርነው ከእንዲህ ያለ ሙከራ ነው። ይህን ክሩ አላደረገውም።

ራስልና በርች የተባሉ እንግሊዛውያን በ1959 ባወጡት መጽሐፍ እንስሳውን በሌላ መተካት፥ ቁጥሩን መቀነስ፥ ሥቃዩን ማቅለል ያስፈልጋል ብለዋል። በዚህ መለኪያ ክር አጥንት እንደሚያስበላ እንደገና ለማሳየት ብቻ የሚገደል ውሻ በከንቱ ይሞታል፤ የታወቀ ነገር ነውና። አዲስ ሕክምናን ወይም አዲስ የብሎን ገጽን ከበሽተኛ በፊት ለመፈተን ከሆነ ግን እኔ እደግፋለሁ። ሆኖም ውሻው ሲጋራ አያጨስም፥ ሠላሳ ዓመትም ብሎን ይዞ አይኖርም፤ ስለዚህ ከወራት ሙከራ ተነሥቶ ለበሽተኛ የዕድሜ ልክ ዋስትና የሚሰጥ ሐኪም ቢያጋጥማችሁ አትመኑት።

ለወዳጄ የምሰጠው መልስ ይኸው ነው። ጥያቄ ያለው ወንድም ወይም እኅት ቢኖር ለመመለስ ዝግጁ ነኝ።