መልኩ አንድ፣ ምክንያቱ ብዙ፤ ስለ ካስልማን በሽታና ስለ ሊምፍ ዕጢ ብግነቶች አመዳደብ



በግድግዳ ላይ የታየ ስንጥቅ ለመሐንዲስ ምን እንደሚነግረው ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት አያስፈልግም። ስንጥቁ ከልስኑ መድረቅ የመጣ እንደሆነ በጥቂት ስሚንቶ ይደፈናል፤ ከመሠረቱ መስጠም የመጣ እንደሆነ ግን መድፈኑ ቤቱን ከመፍረስ አያድነውም። የሁለቱ ስንጥቅ መልክ አንድ ሊሆን ይችላል፤ የሚለያዩት በምክንያታቸው ነው። የሕክምና ሳይንስም ከዚሁ ዓይነት ችግር ጋር ለብዙ ዘመን ሲታገል ኖሯል። የዛሬው ንግግር ከዚህ ትግል አንዱን፣ ካስልማን የተባለውን በሽታ፣ ይመለከታል። የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

በሰው አካል ውስጥ በአንገት፣ በብብት፣ በብሽሽት፣ በደረትና በሆድ ተሠራጭተው የሚገኙ 600 ያህል የሊምፍ ዕጢዎች አሉ። ተግባራቸው ወደ አካል የገባውን ጀርም ማጥመድና የመከላከያውን ሠራዊት መቀስቀስ ነው። ባበጡ ጊዜ ሕዝቡ ንፍፊት ይላቸዋል። ዕብጠቱን አብዛኛውን ጊዜ ቁስል፣ ቲቢ ወይም ካንሰር ያመጣዋል። ከእነዚህ ውጭ ግን እምብዛም የማይታዩ ሌሎች ብግነቶች አሉ። ለምሳሌ በ1969 በሮሳይና በዶርፍማን የተገለጸው፣ እንዲሁም በ1972 በጃፓን ኪኩቺና ፉጂሞቶ እየብቻቸው የገለጹት ይገኛሉ። ይህ የኪኩቺ በሽታ በአብዛኛው በጥቂት ወራት ውስጥ በራሱ የሚድን ሲሆን፣ ከሊምፍ ካንሰር ጋር ከተምታታ ግን በሽተኛው የማያስፈልገውን ከባድ መድኃኒት ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ የምደባ ስሕተት የቃላት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ቤንጃሚን ካስልማን በቦስተን ከተማ በማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል የፓቶሎጂ ሐኪም ነበር። በ1954 አንድ በሽተኛ፣ በ1956 ደግሞ ከባልደረቦቹ ጋር 13 በሽተኞች መርምሮ፣ በደረት ውስጥ የሚያድግ፣ ካንሰር የሚመስል ነገር ግን ካንሰር ያልሆነ የሊምፍ ዕጢ ዕብጠት መኖሩን አስታወቀ። በ1972 የወጣ ሌላ ጥናት 81 በሽተኞችን መርምሮ በማይክሮስኮፕ የሚታየውን መልክ በሁለት ዋና ዓይነቶች ከፈለ፤ አንደኛው የደም ሥሮች የበዙበት፣ ሁለተኛው ፕላዝማ የተባሉ ሴሎች የሞሉበት ነው። ይህ ክፍፍል እስከ ዛሬ ያገለግላል፤ ነገር ግን የመልክ ክፍፍል እንጂ የምክንያት ክፍፍል አልነበረም።

የመልኩ ምደባ የማይበቃ መሆኑ የታወቀው ቀስ በቀስ ነው። ያበጠው በአንድ ሥፍራ ብቻ የሆነ እንደሆነ ቀዶ ጥገና ብዙውን ጊዜ ፈጽሞ ያድናል። በአንዳንድ በሽተኞች ላይ ግን ዕጢዎቹ በብዙ ሥፍራ ያብጣሉ፤ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና የደም ማነስ ይከተላሉ፤ ኩላሊትና ጉበትም እስከ መድከም ይደርሳሉ። በ1989 የጃፓን ተመራማሪዎች ካበጠው ዕጢ ኢንተርሉኪን 6 የተባለ የብግነት መልእክተኛ ከመጠን በላይ እንደሚመነጭ አሳዩ። በ1995 ደግሞ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች፣ ከአንድ ዓመት በፊት የተገኘውን የሰው ሄርፐስ ቫይረስ 8 ከእነዚሁ በሽተኞች በከፊሉ ዕጢ ውስጥ አገኙት።

የምደባው ጥቅም ጎልቶ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ሲልቱክሲማብ የተባለው መድኃኒት ኢንተርሉኪን 6ን ይዞ ሥራ ያስፈታል። በ79 በሽተኞች ላይ በተደረገ ሙከራ መድኃኒቱን ካገኙት 34 በመቶው ዘላቂ መሻሻል ሲያሳዩ፣ ካላገኙት አንድም አላሳየም። በ2014ም በአሜሪካና በኤውሮጳ ተፈቀደ። ይሁን እንጂ ቫይረሱ ራሱ ኢንተርሉኪን 6ን የሚመስል ነገር ስለሚሠራና መድኃኒቱ ይህን ስለማይዘው፣ በቫይረሱ ለታመሙት የሚመረጠው ሪቱክሲማብ የተባለው ሌላ መድኃኒት ነው። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ የሚመሳሰሉ ሁለት ዕጢዎች ሁለት የተለያዩ መድኃኒቶችን ይሻሉ ማለት ነው።

ስለዚህ ዛሬ በካስልማን ስም አራት ነገሮች ይለያሉ፤ በአንድ ሥፍራ የተወሰነው፣ በቫይረሱ ምክንያት የሚመጣው፣ ፖይምስ ከተባለው የፕላዝማ ሴል በሽታ ጋር የሚያያዘው፣ በመጨረሻም በብዙ ሥፍራ ተሠራጭቶ ምክንያቱ ገና ያልታወቀው። ለዚህ ለመጨረሻው በ2017 ከ8 አገሮች የተውጣጡ 34 ባለሙያዎች መለኪያ አወጡለት። በመለኪያው መሠረት የዕጢው ናሙና ተገቢውን መልክ ማሳየት፣ ዕብጠቱም ቢያንስ በሁለት ሥፍራ መገኘት አለበት። ከ11 ንኡሳን ምልክቶች ቢያንስ ሁለቱ ሊታዩ፣ ከሁለቱም አንዱ የላቦራቶሪ ውጤት ሊሆን ይገባል። ከሁሉም በላይ ይህን መልክ ሊያስመስሉ የሚችሉ ተላላፊ በሽታዎች፣ አካል ራሱን የሚያጠቃባቸው ሕመሞችና ካንሰር የሌሉ መሆናቸው መረጋገጥ አለበት።

መለኪያውን ካወጡት አንዱ ዴቪድ ፋይገንባም ራሱ የዚህ በሽታ ታማሚ ነው። በ2010 በፔንሲልቫንያ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪ ሳለ ታመመ፤ ሲልቱክሲማብም ከአገርሽ ሊያድነው አልቻለም። በ2012 ከሐኪሙ ከፍሪትስ ቫን ሪ ጋር ተመራማሪዎችን የሚያገናኝ ድርጅት መሠረተ። ከዚያም የራሱን ደምና ዕጢ መርምሮ፣ ኢንተርሉኪን 6 ሳይሆን የሴሎችን እድገት የሚያዝ ኤም-ቶር የተባለ ሌላ መሥመር ከመጠን በላይ መሥራቱን አገኘ። በ2014 ለኩላሊት ንቅለ ተከላ ያገለግል የነበረውን ሲሮሊመስ መውሰድ ጀመረ፤ በሽታውም ለዓመታት አልተመለሰበትም። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ምክንያቱ ያልታወቀ የተባለው ክፍል ራሱ ገና ብዙ ክፍሎችን በውስጡ ሊይዝ ይችላል።

በኢትዮጵያ የአንገት ንፍፊት ሲታይ ሐኪሙ አስቀድሞ ቲቢን ማሰቡ ተገቢ ነው፤ የሊምፍ ዕጢ ቲቢ በአገሪቱ በብዛት የሚታይ፣ መድኃኒትም ያለው በሽታ ነውና። ናሙናው ብዙ ጊዜ የሚወሰደው በቀጭን መርፌ ነው። ይህ ዘዴ ርካሽና ፈጣን ሲሆን ለቲቢም ይጠቅማል። ነገር ግን መርፌው ሴሎችን ለብቻቸው መዝዞ ስለሚያወጣ የዕጢውን አሠራር አያሳይም፤ ከፈረሰ ቤት የተለቀመ ድንጋይ የቤቱን ፕላን እንደማያሳይ ማለት ነው። ለካስልማን በሽታ ግን የሚፈለገው ፕላኑ ነው። ስለዚህ የቲቢ ጀርም ሳይገኝ መድኃኒት ተጀምሮ ንፍፊቱና ትኩሳቱ አልቀነሱ እንደሆነ፣ ዕጢው በሙሉ ወጥቶ በፓቶሎጂ ሐኪም እንዲታይ ማድረግ ለበሽተኛው የሚገባው ጥንቃቄ ነው።

የተከበራችሁ የማኅበሩ አባላት፤ ካስልማን ለመልኩ ስም ሰጠ፤ ተከታዮቹ ከስሙ በስተጀርባ ያሉትን ምክንያቶች እየለዩ በማውጣት ላይ ናቸው። ስም የምርመራ መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም። ይህን የዘነጋ ሐኪምም ሆነ መሐንዲስ ስንጥቁን ደፍኖ ይሄዳል፤ ቤቱ ግን መስጠሙን ይቀጥላል።